ቱታ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ

ከሰው ግቢ አንድ ከባድ ዕቃ ማውጣት ከፈለጋችሁ ጨለማ አትጠብቁ፣ ጭምብልም አትግዙ። ቱታ ልበሱ፣ ወረቀት ያዙ፣ ፊታችሁን ደግሞ ሥራ የመረረው ሰው ፊት አስመስሉት። የቀረውን ዘበኛው ራሱ ይጨርስላችኋል።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሳዲና ከተማ፣ ካልቴክ በሚባለው ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋም ፍሌሚንግ ሃውስ የሚሉት የተማሪዎች ማደሪያ አለ። ከማደሪያው ደጃፍ 1.7 ቶን የሚመዝን፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መድፍ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 የዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ሠራተኞች የሚመስሉ ሰዎች መጡ። የጥበቃ ሰው ጠጋ ብሎ ምን እንደሚሠሩ ጠየቃቸው። የሥራ ትእዛዝ ወረቀት አሳዩት። አየው፤ አለፋቸው። መድፉ ተጭኖ ሄደ። በኤፕሪል መጀመሪያ የተገኘው በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ማሳቹሴትስ ካምብሪጅ፣ ኤምአይቲ በሚባለው ሌላ የቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ ውስጥ ነው። አፈሙዙ ወደ ፓሳዲና ዞሯል። የኤምአይቲ ተማሪዎች የሚያጠልቁት የትምህርት ቤታቸው ቀለበት ደግሞ በግዙፉ ተሠርቶ መድፉ ላይ ተሰክቷል።

የመድፉ መሰረቅ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። በ1986 ሃርቪ መድ የሚባለው የጎረቤት ኮሌጅ ተማሪዎች ይህንኑ መድፍ፣ በዚሁ ዘዴ፣ ሠራተኛ መስለው ወስደውት ነበር። ያ ሁሉ የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ በተሰበሰበበት ግቢ ሃያ ዓመት አልፎ እንኳ ቱታ የለበሰን ሰው «ቆይ፣ ማን ላከህ?» ብሎ እስከ መጨረሻው የሚጠይቅ አልተገኘም።

ነገሩ ቂም ነበረው። በቀደመው ዓመት፣ በ2005፣ ኤምአይቲ አዲስ ያለፉ ተማሪዎችን ሲቀበል የካልቴክ ልጆች እዚያው ድረስ ሄደው ቲሸርት በነፃ አደሉ። ፊቱ ላይ «ኤምአይቲ» ይላል። ጀርባው ላይ ደግሞ «ምክንያቱም ሁሉም ሰው ካልቴክ ሊገባ አይችልም» የሚል መልእክት አለበት። ልጆቹ ለብሰውት ግቢውን ሲዞሩ ጀርባቸውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው። የመድፉ ጉዞ የዚያ መልስ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሃያ በላይ የፍሌሚንግ ልጆች ካምብሪጅ ድረስ መጥተው መድፋቸውን ወሰዱ። በቦታው የልጅ መጫወቻ የምታህል መድፍ ትተው ሄዱ፤ ለእናንተ መጠን ይቺ ትበቃችኋለች ለማለት።

መቼም የኛ ሰው ይህን ሲሰማ «ሥራ ፈቶች!» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። ነገሩ የገባኝ ካናዳ፣ ኦንታርዮ ውስጥ ሲቪል ምህንድስና ስማር ነው። የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠቅስም፤ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል። እዚያ አገር የምህንድስና ተማሪ ራሱን የቻለ ጎሳ ነው። የራሱ ጃኬት አለው፣ የራሱ መዝሙር አለው፣ የራሱ ማስኮት፣ ማለትም መለያው የሚያደርገው ነገር አለው። ማስኮቱ የግድ እንስሳ መሆን የለበትም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ጠባቂ የተመደበላት ትንሽ መድፍ አለቻቸው። የዋተርሉዎቹ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ የቧንቧ መፍቻ አላቸው። ድፍረት አይሁንብኝና፣ ያ መፍቻ ብቅ ሲል የሚከተለውን አጀብ ያየ የጥምቀት ለት ታቦት የወጣ ነው የሚመስለው።

በምዕራቡ ጫፍ ያሉት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። በ1969 ቫንኩቨር ስታንሊ ፓርክ ውስጥ በየቀኑ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሚተኮሰውን ጥንታዊ መድፍ ወሰዱና «ለሕፃናት ሆስፒታል ገንዘብ ካልተሰጠ አንመልስም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አመላቸው ቮልስ ሆነ። ሞተሯ የወጣ የቮልስ ቀፎ ይይዙና ድልድይ ላይ ያንጠለጥላሉ። በ2001 ድንበር ተሻግረው ሳንፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ አንጠልጥለዋል። ጠዋት ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ቀና ሲል መኪና በገመድ ተንጠልጥላ ያያል። እንዴት ወጣች? ማን ሰቀላት? ደስታው ያ ነው።

የጨዋታው ሕግም የታወቀ ነው። ቁልፍ አትሰብርም፣ ዕቃ አታበላሽም፣ ሰው አትጎዳም፣ ማን እንደወሰደው የሚያሳብቅ ምልክት ትተዋለህ፣ በመጨረሻም ዕቃው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ለእኔ ዋናው የመጨረሻው ነው። ጣሊያን የአክሱምን ሐውልት በ1937 ወስዶ የመለሰው በ2005 ነው። ያንን ማንም ቀልድ ብሎት አያውቅም።

የኛ ባላንጣ ፋኩልቲ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ማስኮቱ መስፍ ነው፤ ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስቀምጦ በመዶሻ የሚቀጠቅጥበት፣ በአንድ ወገኑ ቀንድ ያወጣ ብረት። ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። ከአንድ ኩንታል በላይ ይመዝናል። በዋናው በር ገባ ሲሉ ካለው አዳራሽ መሐል ወፍራም ጉቶ ላይ በአራት ብሎን ታስሮ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ፈተና ከመግባታቸው በፊት ቀንዱን ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ ስለዚህ ቀንዱ ላይ ያለው ቢጫ ቀለም አልቆ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። ይህን ያወቅኩት መጀመሪያ በፎቶ ነው። በኋላ ግን በእጄ ነካሁት።

ይህን መስፍ ለመውሰድ ስብሰባ የተጠራው ላቦራቶሪው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ጸጉረ ቀይ ልጅ ነበር፤ እዚህ ቀዮ እያልኩ ልጥራው። ቀዮ የአፈር ሜካኒክስ ላብ ሪፖርት በቀኑ አስረክቦ አያውቅም። ለዚህ ሥራ ግን ደቂቃ በደቂቃ የተከፋፈለ የጊዜ ሠንጠረዥ ሠርቷል፣ የሕንፃውን ፕላን አውጥቷል፣ የጋሪውን አክስል ጭነት አስልቶ የደኅንነት ህዳግ ጨምሮበታል። ይህን ሁሉ ድካም ለትምህርቱ ቢያውለው ኖሮ ዲግሪውን በሁለት ዓመት ይጨርስ ነበር። «የቀረን አንድ ነገር ነው» አለ። «የሥራ ልብስ። ከቲያትር ክፍል እንከራይ ወይስ እንግዛ?»

ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

ማታ ማታ አንድ የጽዳት ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ቱታ፣ ጀርባው ላይ የድርጅቱ ስም፣ ክንዱ ላይ በመብራት የሚያበራ ጥብጣብ፣ ኪሱ ላይ በበረኪና የነጣ ቦታ። በረኪናው በተለይ ከየትም የሚገዛ አይደለም። ያን ሁሉ ተማሪ ብትሰበስቡት እውነተኛ ቱታ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እናንተ ብትያዙ ዲኑ ይቆጣችኋል» አልኳቸው። «እኔ ብያዝ ግን የሚያናግረኝ ዲኑ አይደለም፤ የትምህርት ፈቃዴን የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ነው።»

«በዚህ ነገር ማንም ታስሮ አያውቅም» አለ ቀዮ።

በ2009 ቫንኩቨር ውስጥ ቮልስ ሊያንጠለጥሉ ሲሉ መኪናዋ ውሃ ውስጥ ወድቃባቸው የታሰሩትን አምስት ተማሪዎች ጠቀስኩለት።

ቀዮ ትንሽ አሰበ። «እነሱ ቱታ አልለበሱም ነበር» አለ።

ለምን እሺ እንዳልኩ ብጠየቅ መልሱ ቀላል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚያ ልጆች የሚፈልጉኝ ለግሩፕ አሳይመንት ብቻ ነበር፤ የመዋቅር ስሌት ሲከብዳቸው ስሜን በትክክል ይጠሩታል። ለጨዋታ ሲጠሩኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቀልድ የሚያስደፍረው ሰው ደግሞ ከአገሩ የወጣ ሰው ነው፤ ብቻውን ምሳ መብላት ይሰለቸዋላ!

እሺ ካልኩ በኋላ ግን ሥራውን አሻሻልኩላቸው። ቀዮ ያሰበው «መስፉ ለጥገና ይወሰዳል» የሚል ወረቀት ነበር። ለጥገና ከተባለ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ያጣራል። የጽዳት ሰው የሚያውቀውን ነገርኳቸው፦ የወለል ሰም። አሮጌ ሰም ሲላጥና አዲስ ሲቀባ ወለሉ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ መነሳት አለበት፣ ሽታው ሰው አያስቀርብም፣ ሥራው ሌሊት ነው፣ ማንም ቆሞ ሊያየው አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢጫው ምልክት አለ፤ ሰው ሲንሸራተት የሚያሳየው፣ ታጥፎ የሚቆመው ላስቲክ። ሁለት ብቻ ይበቃል፤ አንዱን ከኮሪደሩ ወዲህ፣ አንዱን ከኮሪደሩ ወዲያ።

የካቲት ውስጥ፣ አርብ ማታ፣ በተከራየነው ቫን ሄድን። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። ጓደኞቼ አንጸባራቂ ሰደርያና የሥራ ቡት ገዝተዋል፤ ቡታቸው ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው። ማቆሚያው ላይ ባለው የጨውና የበረዶ ጭቃ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለስኳቸው። «ትከሻችሁን ጣል አድርጉት» አልኳቸው። «የደከመው ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም።» አራት የመካከለኛው መደብ ልጆችን ድካም ማስተማር ከባድ ሥራ ነው።

ገባን። ምልክቶቹን አቆምኩ። ባልዲና መጥረጊያ ደረደርኩ። ወዲያው አንድ ፕሮፌሰር ቡናውን ይዞ ከቢሮው ብቅ አለ። መስፉን አየ፣ መፍቻ ይዘው ጉቶው ሥር የተንበረከኩትን ልጆች አየ፣ ከዚያ ቢጫውን ምልክት አየና «ይቅርታ» ብሎ በሌላው ደረጃ ዞሮ ሄደ። የዲን ደብዳቤ ገልጦ የማያነብ ሰው ለዚያ ላስቲክ ታዘዘ።

እዚያው ኮሪደር ላይ ቀን፣ ደብተር ይዤ ብንጎራደድ «ልርዳህ? ማንን ነው የምትፈልገው?» የሚለኝ ብዙ ነው። ቱታ ለብሼ ግን ከግድግዳው እኩል ነበርኩ። ይህን ከማታ ሥራዬ አውቀዋለሁ። ጠረጴዛቸው ሥር ስጠርግ ሰዎች እግራቸውን ያነሱልኛል፤ ዓይናቸውን ግን አያነሱም። የካልቴክን መድፍ የወሰዱት ልጆች ያን ለአንድ ቀን ተውሰውት ነው የሄዱት። እኔ በየማታው እለብሰው ነበር፤ ያን ማታ ብቻ ጥቅም ሰጠኝ።

ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ዳዶው አልላቀቅ ብሎ ትንሽ አስቸገረን። በመጨረሻ ተፈታ። አራቱም «አንድ፣ ሁለት» ብለው መስፉን ከጉቶው አነሱት። ልክ አየር ላይ እያለ ከኋላዬ፣ በጥርት ያለ አማርኛ፣ ድምፅ መጣ።

«ሐበሻ ነህ?»

ዘበኛው ናቸው። ስድሳዎቹን ያለፉ፣ ሸበቶ፣ የጥበቃ ኮታቸው ላይ ነጠላ የመሰለ ስካርፍ የጠመጠሙ ሰውዬ።

«አዎ፣ ጋሼ። እንደምን አመሹ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቤተሰብ ደህና ነው? ከየት ነህ?»

«እናትና አባቴ የደብረ ማርቆስ ሰዎች ናቸው። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው።»

«ጉለሌ የት ጋ?»

ቀዮ ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ «ያ ረጅም ድርድር» እያለ ያወራዋል። ድርድር አልነበረም። ሰላምታ ነበር። ጋሼ ጉለሌ አክስት ነበረቻቸው፤ አክስታቸው ጎረቤት ወፍጮ ቤት ነበር፤ ወፍጮ ቤቱን እኔ አውቀዋለሁ። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ መሠራቱን ስነግራቸው አዘኑ። በዚህ መሐል አራት ልጆች ከአንድ ኩንታል በላይ የሆነ ብረት ታቅፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ማስቀመጥም መሮጥም ፈርተው ቆመዋል።

«አስቀምጡት እንጂ፣ ወገባችሁን ትጎዳላችሁ» አሏቸው ጋሼ በእንግሊዝኛ። ጋሪውንም ራሳቸው አስጠጉላቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቀን እንደምማር፣ ማታ እንደምሠራ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሥራ ሳይንቁ መማርን የመሰለ ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። እሳቸውም አገር ቤት መንገድ ሥራ ላይ ሰርቬየር እንደነበሩ፣ ከባለሦስት እግሩ መሣሪያ ጋር በየበረሃው እንደዞሩ ነገሩኝ። ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱልኝ። «በዚህ ሳምንት ማታውን የጨመሩብኝኮ» አሉ ወደ መስፉ በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆች ይህን ብረት ሊሰርቁ ነው ተብሎ ነው። እስቲ አሁን ይህን ምን ያደርጉታል?» ይህን ብለው ለልጆቹ የመውጫውን በር ከፍተው ያዙላቸው።

ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። «ጋሼ» ያልኩትን ሰው ሻዩን ጠጥቼ፣ በር አስከፍቼ፣ ዋሽቼው መሄድ አልሆነልኝም። ነገርኳቸው፤ ሁሉንም። ሌቦቹ እኛ መሆናችንን፣ ቱታው እውነተኛ ሥራው ውሸት መሆኑን።

ጋሼ በሩን እንደያዙ ቆዩ። መስፉን አዩት፤ ልጆቹን አዩአቸው፤ እኔን አላዩኝም።

«ትመልሱታላችሁ?»

«ይመለሳል። እነሱ ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል። ጨዋታው እንደዚያ ነው።»

«ጨዋታ» አሉ። «እኔ ከሥራ ብባረር እሱም ጨዋታ ነው?»

ለቀዮ ተረጎምኩለት። ቀዮ ባርኔጣውን አወለቀ። በሠንጠረዡ ላይ ለሁሉም ነገር መፍትሔ ነበረው፤ ለአሳንሰር ብልሽት፣ ለበረዶ፣ ለተማሪ ስካር። ስለ ዘበኛው ያለው «እንቅፋት ቁጥር 3» የሚል መስመር ብቻ ነው። እንቅፋት ቁጥር 3 የቤት ኪራይ እንደሚከፍል ያን ማታ ነው የታየው። ስለ ካልቴኩ መድፍ ሰው ሲያወራ ስሰማ እኔ አሁን የማስበው ወረቀቱን አይቶ ያሳለፈውን የጥበቃ ሰው ነው። ተረኩ ስለ መድፉ ክብደት ይናገራል፣ ስለ ቀለበቱ ይናገራል፤ እሱ በማግስቱ አለቃው ፊት ምን እንዳለ የሚያወራ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

«መስፉን እንመልሰው» አልኩ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ። ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው አንድ ትልቅ መዝገብ አመጡ። የቀድሞው የመንግሥት ሠራተኛ ተቀሰቀሰባቸው። «መመሪያው ማንኛውም ዕቃ ከሕንፃው ሲወጣ ይመዝገብ ነው የሚለው። የተመዘገበ ዕቃ ወጣ ይባላል እንጂ ተሰረቀ አይባልም። ሙሉ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ምክንያት፣ ፊርማ። የራስህን ስም ነው የምትጽፈው። የሐሰት ወረቀት እኔ አልቀበልም።»

ብዕሩን ያዝኩና ቆምኩ። «በአማርኛ ብጽፈውስ?»

አሰቡበት። «በምን ቋንቋ ይጻፍ የሚል የለም» አሉ።

ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍኩ። «መስፍ፣ ቢጫ፣ ብዛት አንድ። ምክንያት፦ ለወለል ሰም።» ተረካቢ ብዬ ፈረምኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡት፣ «ሰም» ላይ ፈገግ አሉ፣ አስረካቢ ብለው ፈረሙ። በካናዳ የማስኮት ስርቆት ታሪክ በሕጋዊ ርክክብ የተሰረቀ ማስኮት ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መስፉ እኔ የተከራየሁት ቤዝመንት ገባ፤ ማንም እዚያ አይፈልገውም ተብሎ። ያልታሰበው ነገር አከራዬ እትዬ ናቸው። እሑድ ልብስ ሊያጥቡ ወርደው ከማጠቢያው ማሽን ጎን ቢጫ ብረት ተጋድሞ አገኙ።

«ይህ የማነው?»

«የትምህርት ቤት ነው፣ እትዬ። መስፍ ነው።»

«መስፍ? የቀጥቃጭ?» ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። «በስመ አብ! ከሰው እጅ የተወሰደ የቀጥቃጭ ዕቃ ቤቴ ታስገባለህ? ከነጣጣው?» ያን ቀን ቤዝመንቱ ጠበል ተረጨ፤ መስፉም አብሮ።

ይህን ቀጥቃጭን የመፍራት ነገር መቼም አልወደውም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሳይቀር በእጃቸው የሠሩልንን ሰዎች ቡዳ ብለን ስንሸሽ ኖርን፤ ለእህል እንፈልጋቸዋለን፣ ለጋብቻ እንሸሻቸዋለን። ካናዳ ውስጥ ደግሞ መሐንዲስ ሲመረቅ በሚሠራበት እጁ ትንሿ ጣት ላይ ብረት የሆነ ቀለበት ያጠልቃል። ሥርዓቱ ከ1925 ጀምሮ አለ፤ ቃሉን የጻፈላቸው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች በ1907 ወድቆ 75 ሠራተኞችን ከገደለው የኩቤክ ድልድይ ብረት ተሠሩ ብለው ተማሪዎች ያወራሉ። እውነት አይደለም፤ ግን ከብረት የሚሠራ ሰው የሰው ነፍስ በእጁ እንዳለ ለማስታወስ ጥሩ ወሬ ነው። እኔም ስመረቅ አጠለቅኩት። እትዬ ቀለበቱን አይተው የጠየቁኝ «ይህም ከዚያ ብረት ነው?» ብለው ነው።

ያን እሑድ ላሳምናቸው ሞክሬ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ነሐስ አስቀልጠው ሴባስቶፖልን የሚያህል ሞርታር እንዳሠሩ፣ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ እንዳስጎተቱት፣ ቀጥቃጭን መናቅ እንደማይገባ አስረዳሁ።

እትዬ በጸጥታ ሰሙኝ። «የሳቸውስ መጨረሻ መች አማረ?» አሉ።

ባለመስፎቹ ሳይቸኩሉ መጡ። ጋሼ በኋላ ደውለው እንደነገሩኝ፣ ሰኞ ጠዋት የጥበቃው ኃላፊ ባዶውን ጉቶ አይቶ ጮኸ። ጋሼ መዝገቡን ገለጡለት። ኃላፊው ገልብጦም አቅንቶም አየው። የሚያነብለት ሲፈለግ በዚያው ፋኩልቲ የምትማር አንዲት ሐበሻ ልጅ ተጠራች። አነበበችው። «ለወለል ሰም» ላይ ስትደርስ ሳቋን በሳል አለፈችው። ከዚያ ለኃላፊው «ዕቃው በመመሪያው መሠረት ተመዝግቦ ነው የወጣው፣ አስረካቢም ተረካቢም ፈርመዋል» ብላ ተረጎመችለት። ጋሼ ሥራቸው ላይ አሉ።

ልጅቱ ግን ስሜን ከነአያቴ ይዛለች። ኦንታርዮ ውስጥ ሐበሻ ለማግኘት ፖሊስ አያስፈልግም፤ ሁለት ስልክ ይበቃል።

እኔ የኮንክሪት ዲዛይን ፈተና ላይ ነበርኩ። ልጅቱ ከሦስት ፈረንጅ ጓደኞቿ ጋር ቫን ይዛ እትዬ በር ላይ ቆመች። እኛ ቱታና የሥራ ትእዛዝ ይዘን የሄድነውን እሷ በአማርኛ ብቻ ሠራችው። «እንደምን አደሩ እትዬ፤ ያን ብረት ልናነሳልዎ ነው የመጣነው።» እትዬ እልል ማለት ቀራቸው። ሦስቱንም ፈረንጆች አስቀምጠው ቡና አፈሉ፣ ዳቦ ቆረሱ፣ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ብረቱ ሲወጣ «የሱ የሆነ ሌላ ነገር ካለ» ብትላቸው ታጥቦ የተሰጣውን ቱታዬን አጣጥፈው በፌስታል ሰጧት።

ፈተናዬን ጨርሼ ስገባ ከማጠቢያው ጎን አንድ ወረቀት ብቻ አገኘሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ፦ «መስፍ፣ ቢጫ፣ ብዛት አንድ፤ ቱታ፣ ሰማያዊ፣ ብዛት አንድ ተረክበናል። ቡናው ጥሩ ነበር።»

ቀዮ ይህን ስተረጉምለት ተነስቶ አጨበጨበ። ድርጅቴ ግን አላጨበጨበም፤ የቱታውን ዋጋ ከደሞዜ ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ፎቶ ቱታዬ በመስታወት ፍሬም ገብቶ አዳራሹ ውስጥ፣ ከመስፉ በላይ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በረኪናው ያነጣው ኪስ በደንብ ይታያል።

እንግዲህ ስሜን ያነበብሽው ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ አንድ ቃል አለኝ። መስፉን በጥበብ ወስደሽዋል፤ ሒሳባችን ተዘግቷል፣ ጋሼን ስላዳንሻቸውም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱታው ግን ማስኮት አይደለም፤ የተከፈለበት የእንጀራ ልብስ ነው። ፍሬሙን እናንተው አስቀሩት። ልብሱን ለጋሼ ስጫቸው፣ እሳቸው ይልኩልኛል። ከሕንፃው ሲወጣ መዝገቡ ላይ መፈረም እንዳትረሺ።